በሩ እምቢ ካለዎት

ሴትየዋ ከፌስታል ውስጥ የተሰባበረ የበር ቁልፍ አውጥታ ባንኮኒው ላይ ዘረገፈችው። ምላሱ ተጣሟል፣ አንዱ ብሎን ደግሞ ቁራጭ እንጨት እንደያዘ ተነቅሎ መጥቷል። «ይኸውላችሁ ሥራችሁ!» አለች። «ልጄ ውስጥ እያለቀሰ፣ ድስቴ እሳት ላይ ተጥዶ፣ እኔ ደጅ! ነፋስ ነው የዘጋብኝ። ደወልኩላችሁ፤ ‹አሁን ይመጣል› አላችሁኝ። ደግሜ ደወልኩ፤ ‹አይዞሽ የኔ ልጅ፣ አሁን ይመጣል›። የታለ የመጣው? ጎረቤት ተሰብስቦ በመጥረቢያ ባይፈነቅልልኝ ኖሮ ልጄን እንዴት አድርጌ ነበር የማገኘው?» ቁልፍ ሠሪው ከባንኮኒው ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ሰማት። አልደወልሽልኝም አላለም፣ ይቅርታም አላለም። ዞር ብሎ ከመደርደሪያው ላይ አዲስ ቁልፍ፣ ያውም ከውዶቹ መካከል፣ አወረደና ከነካርቶኑ ፊቷ አስቀመጠው። «ዛሬውኑ መጥቼ እገጥምልሻለሁ። ሰፈርሽን ብቻ ንገሪኝ» አለ። ሴትየዋ ዋጋውን ልትጠይቅ አፏን ከፈተች፤ የሰውየውን ፊት ስታይ መልሳ ዘጋችው። ለጠብ ተዘጋጅቶ የመጣ ሰው ተጣይ ሲያጣ እንደሚሆነው ትንሽ ግራ ተጋብታ፣ ሰፈሯን ተናግራ ወጣች።

የቁልፍ ሠሪው ሴት ልጅ ይህን ሁሉ የሰማችው ከቁልፍ መቅረጫው ማሽን ጎን ባለችው ዱካ ላይ ላፕቶፗን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀምጣ ነው። ሥራዋ ድረ ገጽ ነው። ሰው በስልኩ ሲገባ መጀመሪያ የሚያየውን የፊት ገጽ ታበጃለች፤ የሰው ጣት የት ላይ እንደሚሄድ፣ የት ላይ እንደሚያመነታ፣ ምን ሲያይ ተሰላችቶ እንደሚወጣ ማወቅ እንጀራዋ ነው። ለዚህ ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች ሳይቀሩ ይከፍሏታል። የአባቷን ሱቅ ገጽ ግን ነክታው አታውቅም። እሱን የሠራው ታላቅ ወንድሟ ነበር፤ ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ደግሞ ለመንካት ቀርቶ ለማየትም አልደፈረችም። አባቷ ሰሞኑን ደውሎ «ሰው ገጹን ያያል፤ ወደኛ ግን አይመጣም፤ እስኪ አንድ ነገር አድርጊበት» ባይላት ኖሮ ዛሬም ከቢሮዋ ፈቃድ ወስዳ እዚህ ባልተቀመጠች።

«ለምን አልሄድክላትም አባዬ?»

«ለኔ መች ደወለች።»

«ታዲያ ለማን ነው የደወለችው?»

አባቷ መልስ በመስጠት ፋንታ ያልተቀረጸ ቁልፍ አንስቶ በማሽኑ መንጋጋ ውስጥ አጠበቀና ሞተሩን አስነሳ። ማሽኑ ሲጮኽ ሰው ከሰው አይሰማማም፤ ቁልፍ ሠሪ መነጋገር ባልፈለገ ጊዜ ከሌላው ሰው የሚሻለው በዚህ ነው። የብረት ፍቅፋቂው ባንኮኒው ላይ ረገፈ። ሥራው ሲያልቅ ማሽኑን አጠፋ፣ ቁልፉን በብሩሽ ጠራረገ፣ በመብራት አየው፣ እንደገና ጠረገው። «ገጹን አስተካክይልኝ ብዬሻለሁ አይደል?» አለ በመጨረሻ፣ ሳያያት። «አስተካክይዋ።»

ከፈተችው። ወንድሟ ሞተር ብስክሌቱን ተደግፎ፣ የቁልፍ ዘለላ በአንድ ጣቱ አንጠልጥሎ፣ ጥርሱ በሙሉ እየታየ ይስቃል። ፎቶውን ያነሳችው ራሷ ናት፤ በግራ ጥጉ የጣቷ ጥላ ገብቶበታል። ያኔ ልትቆርጠው ስትል «ተይው፣ ያንቺም ፊርማ ይኑርበት» ብሏት ነበር። ከራሱ በላይ በደማቅ ፊደል «በሩ እምቢ ካለዎት፣ እኔ አለሁ!» ይላል። ከዚያ ስሙ። ከስሙ ሥር የስልኩን ወርድ ከዳር እስከ ዳር የሚሞላ አረንጓዴ መደወያ፣ ላዩ ላይ «ይደውሉ፣ መጣሁ!» የሚል። ልጅቷ ፊቱን እንዳታይ ስህተት ትለቅም ጀመር፤ ስህተት መልቀም ለሷ ከማልቀስ ይቀላል። ዋጋ አልተጻፈም። የሱቁ አድራሻና የአባቷ ስልክ እታች፣ በግራጫ፣ ጉንዳን በሚያካክሉ ፊደሎች ተቀብረዋል። ከላይ የሚንሸራተቱት የቁልፍ ሥዕሎች ገጹን ያንቀራፍፉታል። ቀለሙ ቢለወጥ፣ ሥዕሎቹ ቢነሱ፣ አድራሻው ወደ ላይ ቢወጣ እያለች አሰበች። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን ገና አላወቀችም።

«መጣሁ» የወንድሟ ቃል ነበር። ከቤት ሲወጣም «መጣሁ» ነው፣ ደንበኛ ሲደውልለትም «መጣሁ» ነው፤ እናቱ «መጣሁ ብሎ የማይሄድበት የለም» እያለች ትቀልድበት ነበር። አንድ ዝናባማ ቀን ምሳ ላይ ሳሉ ስልኩ ጠራ፤ በር የተቆለፈበት ሰው ነው። ጉርሻውን በአፉ እንደያዘ ተነሳ፣ ለእናቱ «መጣሁ» አላት፣ ወጣ። አደባባዩ ጋ ሳይደርስ የጭነት መኪና ገጨው። ያ ደጅ ላይ የቀረ ሰው ማን እንደነበረ ቤተሰቡ እስከ ዛሬ አያውቅም። ልጅቷ ግን አንዳንድ ቀን ስለዚያ ሰው ታስባለች፤ ሲጠብቅ፣ ሲጠብቅ፣ በመጨረሻ ተስፋ ቆርጦ ወንድሟን ቀጣፊ ብሎት እንደሄደ ታስባለች። ይህን ለማንም ተናግራ አታውቅም።

የሙያዋ ደንብ አጭር ነው። ገጹን ለማያውቀው ሰው ስጪ፣ የሚፈጽመው ጉዳይ ስጪው፣ ከዚያ አፍሽን ዝጊ። አትርጂው፣ አትጠቁሚው፣ ቢሳሳትም አትሳቂ፤ ተመልከቺ ብቻ። አዳዲስ የሥራ ባልደረቦቿ ዝም ማለቱ ያቅታቸዋል፤ ሰው ሲቸገር እያዩ «እዚያ ጋ፣ እታች!» ሳይሉ አያልፉም። እሷ ትችልበታለች። ይህን ችሎታ ከየት እንዳመጣችው ሲጠይቋት «ከቤታችን» ብላ ትስቃለች። እነሱም ቀልድ መስሏቸው ይስቃሉ።

ከጎን ያለው ልብስ ሰፊ ገጹን አይቶት እንደማያውቅ ስለነገራት መጀመሪያ ወደሱ ሄደች። ሱቁ ጠባብ ናት፤ ግማሹን የስፌት መኪናው ይዞታል፣ ግማሹን ባለቤቶቻቸው የረሷቸው ሱሪዎች። መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሩን ሲፈልግ ደረሰች።

«ፈተና ነው እንዴ?» አለ ነገሩን ስታስረዳው። «እኔ እኮ ትምህርት ቤት የተውኩት ፈተና ጠልቼ ነው።»

«የሚፈተነው ገጹ ነው ጋሼ፣ እርስዎ አይደሉም።»

«እንዲያ ከሆነ ይውደቅ! በይ ጥያቄሽን አምጪ።»

«ቤትዎ ደጃፍ ላይ ነዎት እንበል። ቁልፉ ውስጥ ቀርቷል። ምን ያደርጋሉ?»

«ሚስቴ እስክትመጣ እጠብቃለኋ።»

«ሚስትዎ ሩቅ አገር ሄደዋል።»

«አቤት እረፍት! ታዲያ ምን ያስገባኛል?» ብሎ ድምፅ ማጉያው የተከፈተውን የቢሮዋን መፈተኛ ስልክ ተቀበላትና መነጽሩን ከግንባሩ ላይ አገኘው። ገጹ ሲከፈት ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። «ነፍሱን ይማረው» አለ ቀስ ብሎ። አውራ ጣቱ ትንሽ አየር ላይ ቆየና በቀጥታ አረንጓዴው ላይ አረፈ። ወደ ታች አላየም፣ አድራሻም አልፈለገም። ልጅቷ «ወዲያው አረንጓዴው» ብላ በልቧ ያዘች። አሁን «የደወሉለት ቁጥር አገልግሎት ላይ አይደለም» የሚለው ድምፅ ይመጣል ብላ ስትጠብቅ፣ ስልኩ ጠራ። ከወንድሟ ሌላ ማንም ያልያዘው ቁጥር፣ ከአፈር ከገባ ዓመት ሊሞላው የተቃረበ ሰው ስልክ፣ አንዴ ጠራ፣ ሁለቴ ጠራ። ከዚያ ተነሳ።

«አቤት» አለች እናቷ።

ልብስ ሰፊው ልጅቷን አያት። ልጅቷ የስፌት መኪናውን ጠርዝ ያዘች።

«አቤት የኔ ልጅ፣ እሱን ነው? ወጣ ብሏል፤ አሁን ይመጣል። በር ነው? አይዞህ፤ ከዚያው እንዳትርቅ፣ አሁን ይመጣል እሺ?» ድምፁ ሞቅ ያለ፣ ደስ ያለው፣ እንግዳ ደጁ የመጣለት ሰው ድምፅ ነው። ልጅቷ እናቷ እንዲህ ስትናገር ከሰማች ዘመን የለውም። ልብስ ሰፊው ስልኩን ዘጋና በሁለት እጁ መለሰላት። «ገጹ ወደቀ» የሚል ቀልድ አፉ ላይ ደርሶ ነበር፤ ዋጠው። «የአባትሽ ደንበኞች የት ገቡ እያልኩ ስገረም» ብሎ ብቻ የሱሪ ጨርቅ ወደ ራሱ ጎተተ።

ወደ ሱቁ ስትመለስ አባቷ የሴትየዋን ቁልፍና መሣሪያውን ቦርሳ ውስጥ እየከተተ ነበር። ፊቷን አይቶ እጁን አቆመ።

«ታውቅ ነበር» አለችው።

«ግድግዳው ስስ ነው» አለ። «ማታ ማታ እኔ የተኛሁ መስሏት ታወራለች። ቀን ቀን ደግሞ ሰው እየመጣ ይጮኽብኛል፤ ዛሬ ያየሽው ነው።» ቦርሳውን ከፈተው፣ ዘጋው። «መጀመሪያ ስልኩን ልደብቀው አሰብኩ። አንድ ቀን ገበያ ስትሄድ ተከትያት ነበር፤ ከማጣፈጫው በፊት ለስልኩ ካርድ ገዛችለት። ከዚያ በኋላ ምን ብዬ ልንገራት? አንቺ ቁጥሩን ከገጹ ላይ ብታነሺው የሚደውለው ሰው እያነሰ፣ እያነሰ ሄዶ ስልኩ በራሱ ጊዜ ዝም ይላል አልኩ። ማንም ለማንም ክፉ ሳይናገር።»

ገጹን አስተካክይ ያላት ለካ ይህን ሊያሠራት ነው። ልጅቷ ተናደደች፣ ወዲያው ደግሞ አዘነችለት፤ ሁለቱ ስሜቶች አንድ ላይ መጥተው አንዱም አፏ ላይ አልደረሰም። ዱካዋ ላይ ተቀመጠችና የገጹን ጓዳ ከፈተች። የወንድሟ ቁጥር እዚያ ነበር። ማጥፋትና የአባቷን መጻፍ ከጫማ ማሰር የቀለለ ሥራ ነው። ከዛሬ ጀምሮ ሕፃን ውስጥ እያለቀሰ ደጅ የሚቀር እናት አይኖርም፤ ሱቁም ነፍስ ይዘራል። እናቷ ደግሞ እቤት፣ መስኮቱ አጠገብ ባለው ወንበሯ ላይ ትቀመጣለች። ነገ ስልኩ አይጠራም። ከነገ ወዲያም። ኔትወርክ ጠፍቶ ይሆናል ብላ ቦታውን ትቀይርለታለች፣ ካርድ ትሞላለታለች፣ ሰው ሁሉ ልጄን ረሳው ብላ ለብቻዋ ታስባለች፤ ይህንንም ለማንም አትናገርም። ልጅቷ ይህ ነገር ከመንገር የባሰ ግፍ ሆኖ ታያት። ላፕቶፑን ከደነችው።

«ጨረስሽ?» አለ አባቷ።

«አልጨረስኩም። አንድ ሰው ይቀረኛል። እቤት ልሄድ ነው።»

አባቷ ሊከለክላት ከንፈሩን አላወሰ፤ ግን ያችኛዋ ሴት በሯ ተሰብሮ እየጠበቀችው ነው። ቦርሳውን አንግቶ ከልጁ በፊት ወጣ። ለሱ ከሚስቱ ይልቅ የማያውቃትን ሴት መጋፈጥ ይቀለው ነበር።

ወላጆቿ የሚኖሩት አሳንሰር በሌለው ፎቅ ሦስተኛ ደርብ ላይ ነው። ደረጃው የተጠበሰ ሽንኩርትና የሳሙና ሽታ ተቀላቅሎበታል። እናቷ በሩን ስትከፍት ደነገጠች፤ በሥራ ቀን የመጣ ልጅ ደግ ወሬ ይዞ አይመጣም።

«ምነው፣ በደህና ነው?»

«በደህና ነው። እንዲሁ መጣሁ።»

«ምሳ በልተሻል?»

«በልቻለሁ» አለች፤ አልበላችም። ሳሎኑ እንደ ወትሮው ነው፤ ሶፋው በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል፣ የግድግዳው ሰዓት ትንሽ ይቀድማል፣ የወንድሟ ክፍል በር ተዘግቷል። መስኮቱ ሥር የእናቷ ወንበር አለ። የመስኮቱ ደፍ ላይ መሃረብ ጣል ተደርጓል፤ ከመሃረቡ ሥር የቻርጀር ገመድ ወጥቶ ወደ ግድግዳው ይሄዳል። ይህን ገመድ ስንት ጊዜ አይታዋለች፤ አንድ ቀን እንኳ የምን ገመድ ነው ብላ አልጠየቀችም። ሰው ሊፈጽም የፈለገውን ጉዳይ ባንድ እይታ የምታውቀው ባለሙያ እናቷ ቤት ውስጥ ዓይን አልነበራትም። ፊት ለፊት ተቀመጡ።

«ዘይት እንደገና ጨመረ» አለች እናቷ።

«አዎ፣ ሰማሁ።»

«ሳሙናም ጨምሯል።»

«እሱንስ አልሰማሁም።»

ዝም አሉ። በዚያ ቤት ከዘይትና ከሳሙና ቀጥሎ የሚመጣው ሁልጊዜ ዝምታ ነው። ልጅቷ የመጣችበትን ነገር ከየት ጀምራ እንደምትለው ስታወጣ ስታወርድ መሃረቡ ሥር ስልኩ ጠራ። እናቷ ወደሷ አየች። የተያዘ ሌባ ፊት አልነበረም፤ ይልቁንም የጠራት ሰው ዝም የማይባል ሰው ስለሆነ ይቅርታ የምትጠይቅ ትመስል ነበር። መሃረቡን ገለጠችና አነሳችው።

«አቤት የኔ ልጅ። አዎ፣ የሱ ስልክ ነው፤ እናቱ ነኝ። ወጣ ብሏል፤ አሁን ይመጣል። መኪናህ? ወይኔ፣ ቁልፉን ውስጥ ረስተህ? እሱስ ለሱ ምን አላት! እነግረዋለሁ። እዚያው ሁን፣ አሁን ይመጣል።» ስትናገር ጉንጯ ቀላ፣ ወገቧ ቀና፤ ያቺ በር ላይ የተቀበለቻት አሮጊት ሌላ ሰው ነበረች። ስልኩን መልሳ አስቀመጠችና መሃረቡን በጥንቃቄ አለበሰችው።

«አበድኩ ብለሽ እንዳታስቢ» አለች እናቷ፣ መሃረቡን እያየች። «እንደማይመጣ አጥቼው አይደለም። አስከሬኑ በእጄ ነው የታጠበው። ግን በስሙ ይጠሩታል። ‹እገሌ አለ?› ይሉኛል፤ ልክ እንዳለ። እዚህ ቤት ስሙን የሚጠራ ማን አለ? አባትሽ አይጠራውም። ‹የልጁ ክፍል›፣ ‹የልጁ ጫማ› ነው የሚለው። አንቺም ትመጫለሽ፣ ትሄጃለሽ፤ አንድ ቀን ስሙን ከአፍሽ አውጥተሽው ታውቂያለሽ? እናንተ ቀበራችሁት። እንግዶች ናቸው የሚጠሩልኝ።»

ልጅቷ ስሙን እዚያው ልትጠራው አስባ ነበር፤ አፏ ውስጥ ነበር፤ ግን ያን ጊዜ ብትጠራው ማባበያ ይመስልባታል ብላ ተወችው። የምታውቀው አንድ ሥራ ነውና ወደሱ ሄደች። የራሷን ስልክ አውጥታ ገጹን ከፈተችና ለእናቷ ሰጠቻት። «እማዬ፣ አንድ ነገር አድርጊልኝ። ምንም አትሳሳቺም፤ የሚፈተነው ገጹ ነው፣ አንቺ አይደለሽም።»

እናቷ ገጹን አይታው አታውቅም ነበር። ስልኩን በሁለት እጇ ይዛ ፎቶውን አየች፤ ከዚያ ጉንጩን በጣቷ ዳሰሰችው። ምስሉ ዘሎ ወደ ታች ሸሸና የሚንሸራተቱት የቁልፍ ሥዕሎች ብቻ ቀሩ። «ወዴት ሄደ?» አለች እናቷ በድንጋጤ። ልጅቷ እንዳትረዳት ምላሷን ነከሰች። እናቷ ወዲያ ወዲህ አንሸራተተች፣ እታች ድረስ ወረደች፣ የባሏን ስልክ ቁጥር አልፋው ሄደች፣ ተመለሰች። ፎቶውን ስታገኘው ተነፈሰች። «በሩ እምቢ ካለዎት» ብላ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ አነበበች፤ የሚቀጥለውን አላነበበችውም።

«አሁን» አለች ልጅቷ፤ «ቤትሽ ደጃፍ ላይ ነሽ እንበል። ነፋስ በሩን ዘግቶብሻል። ድስት እሳት ላይ ነው፤ ሕፃን ልጅ ውስጥ ነው፣ ያለቅሳል። ምን ታደርጊያለሽ?»

እናቷ ብዙ አላሰበችም። አረንጓዴውን ነካችው፤ ስልኩንም ወደ ጆሮዋ አደረገች።

መሃረቡ ሥር ስልኩ ጠራ። እናቷ በልማድ ልታነሳው ከወንበሯ ብድግ አለች፤ ግን እጇ ተይዟል፣ ጆሮዋም ተይዟል። ግማሽ እንደተነሳች ቆመች። ጆሮዋ ውስጥ ይጠራል፣ መስኮቱ ላይ ይጠራል። መሃረቡ ከመንዘሩ የተነሳ ቀስ በቀስ ተንሸራቶ ወለሉ ላይ ወደቀ። የወንድሟ ስልክ ብርሃን መስታወቱ ላይ በራ። ልጅቷ ዘላ ልትዘጋው፣ ስልኩን ከእናቷ እጅ ልትነጥቃት፣ «ይብቃ» ልትላት ፈለገች፤ ግን ከተቀመጠችበት አልተነቃነቀችም። በሕይወቷ ዝም ማለት እንዲህ ከብዷት አያውቅም። እናቷ መልሳ ተቀመጠች። ዓይኗን መስኮቱ ላይ ተክላ ጠበቀች፤ ከልቧ ጠበቀች፤ የሚያነሳላት ሰው ያለ ይመስል። ጥሪው በራሱ ጊዜ ተቋረጠ፤ ክፍሉም ጸጥ አለ።

«አያነሳም» አለች እናቷ።

እናቷ ስልኩን ከጆሮዋ አወረደች።

«አያነሳም እኮ። ሕፃኑስ?»

«የቱ ሕፃን?»

«ውስጥ ነው ያልሽኝ። የሚያለቅሰው።»

«ዛሬ ጠዋት እናቱ አባዬ ሱቅ መጥታ ነበር» አለች ልጅቷ። «ሁለት ጊዜ ደውላ አንቺ አንስተሽላታል። በመጥረቢያ ሰብረው ነው ያወጡት። ደህና ነው።»

እናቷ እጇን አፏ ላይ አደረገች። ጮክ ብላ አላለቀሰችም፤ እንባዋ ብቻ ዝም ብሎ በጣቶቿ መሃል ወረደ። ልጅቷ ተነስታ ከወንበሩ አጠገብ ተንበረከከችና ጉልበቷን አቀፈቻት። ከዚያ እናቷ በድንገት ቀና አለች። «ቅድም የደወለው!» አለች። «መኪናው የተቆለፈበት ሰውዬ! እዚያው ሁን ብዬው፣ እዚያው ቆሞ ነው!» የወንድሟን ስልክ ከመስኮቱ ላይ አነሳች፤ የቅድሙን ደዋይ ፈለገች፣ አሳስታ የልጅቷን ቁጥር ነካች፣ አጠፋች፣ አገኘችው። በዚያ ስልክ መልስ ከመስጠት በቀር ደውላበት አታውቅም ነበር።

«ሃሎ፣ የኔ ልጅ፣ ቅድም ደውለህ ነበር። እናቱ ነኝ። እዚያው ነህ?» አለች። «ልጄ...» ብላ ቆመች። ልጅቷን አየቻት። ልጅቷ አልጠቆመቻትም። «ልጄ አይመጣም። የለም። ሞቷል። አዎ፣ ዓመት ሊሆነው ነው። እኔ ነኝ ያቆምኩህ፤ ይቅር በለኝ የኔ ልጅ። አሜን፣ አሜን። አይ፣ አትሂድ፣ አባቱ ይመጣልሃል። የት ነህ? የቱ ጋ? ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት? ቀይ መኪና፣ እሺ።» ያን ሁሉ ጊዜ ስልክ ስታነሳ ለማንም ሰው የት እንዳለ ጠይቃ አታውቅም ነበር፤ ለሚሄድለት ሰው ነው አድራሻ የሚጠየቀው።

ስልኩን ሳታስቀምጥ ከስሞቹ መካከል «አባዬ» የሚለውን ፈልጋ ነካች። ክፍሉ ጸጥ ስላለ ጥሪው ለልጅቷም ይሰማታል። ከወዲያ በኩል የመዶሻ ድምፅ ተሰማ፤ የዚያች ሴትዮ በር መሆን አለበት። መዶሻው ቆመ። አባቷ ሃሎ አላለም። ስልኩ መስታወት ላይ የማን ስም እንደበራለት ልጅቷ ያን ጊዜ ገባት። ብዙ ዝም አለ፤ የሰው ቤት ደጃፍ ላይ፣ መሣሪያው እጁ ላይ እንዳለ ዝም አለ። ከዚያ በቀስታ፣ በር አንኳኩቶ ውስጥ ማን እንዳለ እንደሚጠይቅ ሰው ሆኖ፣ የልጁን ስም ጠራ።

እናቷ ዓይኗን ጨፈነች። ወዲያው አልመለሰችለትም። እንዲደግመው የፈለገች ይመስል ነበር፤ እሱም ደገመው።

«እኔ ነኝ» አለች በመጨረሻ። «ሰው ደጅ ቀርቷል። እዚያ ስትጨርስ ሂድለት። ከመድኃኒት ቤቱ ፊት ለፊት ነው፣ ቀይ መኪና።»

«እሺ» አለ አባቷ። ሌላ ነገር ሊል ፈልጎ ነበር፤ እሷም ጠበቀችው፤ ግን «እሺ» ብሎ ደግሞ ዘጋ።

እናቷ መሃረቡን ከወለሉ አንስታ አራገፈችው። ስልኩን እንደገና አልሸፈነችውም፤ መሃረቡን አጥፋ ጭኗ ላይ አስቀመጠች። ልጅቷ ላፕቶፗን አወጣችና ወደ ጠረጴዛው ቀረበች። ገጹ ተከፈተ፤ ወንድሟ የቁልፍ ዘለላውን አንጠልጥሎ ይስቃል፤ የጣቷም ጥላ ጥጉ ላይ አለ። እናቷ ወንበሯን ጎትታ አጠገቧ ተቀመጠች።

«አሁን ቀይሪው» አለች። «የአባትሽን ቁጥር አድርጊበት፤ ትልቅ አድርገሽ። ስሙን ግን እንዳትነኪብኝ።»